ለየቀኑ የምትሆን ካሜራ

ካሚላ ስትደውል ሱቄን ከፍቼ የመስታወቱን ሳጥን እየወለወልኩ ነበር። ባለቤቴ በጠዋት የምትደውለው ወይ ቁልፍ ሲጠፋባት፣ ወይ ማታ ያስቀየምኳት ነገር ሲያድር ትዝ ሲላት ነው። ስለዚህ "አቤት" ያልኩት ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሙኒር፣ ኤደን ሞተች" አለችኝ።

"የቷ ኤደን?"

"የእትዬ የሺ ኤደን ናታ! ሌሊት ወልዳ፣ ደሟ አልቆም ብሎ። ሕፃኗ ተርፋለች። ሴት ናት አሉ።"

ጨርቁን እንደያዝኩ ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። እትዬ የሺዓለም የግቢያችን ሰው ናቸው። አፍንጮ በር፣ እኔ በተወለድኩበት ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የኖርነው። ለፋሲካ እኛን ሲጠሩ ለብቻው ዶሮ በአባቴ እጅ አሳርደው፣ በሌላ ድስት ሠርተው ነበር የሚያቀርቡልን። ኤደን አንድ ልጃቸው ናት። በጀርባዬ እያዘልኩ ነው ያሳደግኋት። ያገባችው ዓብይ የሚባል የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ከሠርጓ ወዲህ የምትኖረውም እዚያ ነበር።

"እሳቸው ሰምተዋል?" አልኳት።

"የለም። ዓብይ የደወለው ለጋሽ እሸቴ ነው።" ጋሽ እሸቴ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። "ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ተማክረዋል። የእትዬ የሺ ወንድም ተስፋማርያም ከሐዋሳ ዛሬ ማታ ይገባል፤ መርዶው ነገ ሲነጋ ነው። ቀብሩ ግን ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እዚያው ደብረ ብርሃን ነው።"

"እናቷ በሌሉበት?"

"እኔ ላይ ምን ትጮሃለህ? ደም ብዛት አለባቸው፣ እናት የልጇን ጉድጓድ አትይ ነው የሚሉት። አሁን ሌላ ጣጣ ነው የመጣው። እንዳይደወልላቸው ብለን ረይሀና ስልካቸውን 'ላሠራልዎ' ብላ ወስዳባቸዋለች። እሳቸው ደግሞ 'ሙኒር ጋ ደርሼ ልምጣ' ብለው ወጡ። አደራህን፣ እዚያው ያዛቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ አንዱ መንገድ ላይ አግኝቶ እንዳያፈርጠው።"

ረይሀና ልጃችን ናት። ልጄን ሳይቀር ለዚህ ሥራ አሰልፈዋታል።

መርዶ የሚባለውን ልማድ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ሰው የልጁን ሞት በስልክ፣ ቆሞ፣ ብቻውን እንዳይሰማ ብሎ የሚጨነቅ ሰፈር ደግ ሰፈር ነው። ሲነጋጋ፣ ሰውየው ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይገባል፤ የሚይዙት እጆች ተዘጋጅተው ነው የሚነገረው። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ። ልጅቷ አፈር ከገባች በኋላ እናትየዋን "ጠንከር ይበሉ" ማለት ግን ምን የሚሉት ደግነት ነው? ደብረ ብርሃን ሩቅ አገር አይደለም። ከዚህ ጠዋት የተነሣ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። አሁን ቢነገራቸው ይደርሳሉ፤ ነገ ቢነገራቸው የሚደርሱት የአፈር ክምር ላይ ነው። ይሄን ለካሚላ ብነግራት "አንተ ማነህና" አለችኝ። እውነቷን ነው። ዘመድ አይደለሁም፣ ሽማግሌ አይደለሁም። ካሜራ ሻጭ ነኝ።

ድሮ ሱቄ መንገድ ዳር ነበር። እሱ ፈርሶ አሁን ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለ ፎቅ ላይ፣ በሐጎስ ልብስ ስፌትና በአንድ ፀጉር ቤት መካከል ተሸጉጫለሁ። የምሸጠው ስልክ የገደላቸውን ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት በነፃ ብሰጥ የሚወስድልኝ አልነበረም። አሁን ወጣቶቹ "የድሮ ፎቶ ያስመስላል" እያሉ መልሰው ፋሽን አደረጓቸው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ አዲስ እንዲመስል ስደክም ነበር፤ አሁን እንጀራዬ የሆነው አሮጌ ማስመሰል ነው።

እትዬ የሺ ደረጃውን ሲወጡ ከሩቅ ሰማኋቸው። በየመሐሉ ያርፋሉ፤ ሲያርፉም ዝም አይሉም፣ ደረጃውን የሠራውን ሰው ይረግማሉ።

"አንተ ሙኒር!" አሉ በሩ ላይ ቆመው እያለከለኩ። "ሰማይ ቤት ነው እንዴ ሱቅህ? አንተን ለማየት መጀመሪያ መሞት ሊኖርብን ነው!"

"እንደምን አደሩ እትዬ የሺ። ይቀመጡ።" ወንበር ለማቅረብ ብዬ ጎንበስ አልኩና ከሚገባው በላይ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።

ውሸት አይሆንልኝም ማለቴ አይደለም። ነጋዴ ነኝ፤ "ከውጭ የመጣ ነው፣ አንድ ሴትዮ አንዴ ብቻ የነካችው" ስል ዓይኔን አላሽም። እትዬ የሺ ፊት ግን በልጅነቴም ውሸት ተሳክቶልኝ አያውቅም።

ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ታጥበው፣ ተቀብተው፣ ፀጉራቸውን ጎንጉነው ነው የመጡት። "ትንሽ ካሜራ ስጠኝ" አሉ። "ውድ ያልሆነች። ጡረተኛ መሆኔን እንዳትረሳ። የሠርግ ምናምን አይደለም የምፈልገው፣ ለየቀኑ የምትሆን።"

"ስልክዎስ?" ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

"ስልኬንማ ረይሀና ላሠራልዎ ብላ ወሰደችው። ምን እንደሆነ እንጃ። ለእኔ ደህና ነበር የሚመስለኝ።"

አንድ ካሜራ አንስቼ ሌንሱን መጥረግ ጀመርኩ። ንጹሕ ነበር።

"ለምን መሰለህ" አሉ። "ኤደንን ስንት ጊዜ ነው ፎቶ ያስነሳኋት? በዓመት አንዴ። ለገና አዲስ ልብስ አልብሼ እዚህ ፒያሳ ፎቶ ቤት እወስዳታለሁ፤ አንተም አንዳንዴ ተከትለኸን መጥተሃል። አሁን ሳያቸው፣ ከአንዱ ፎቶ ወደ አንዱ ሌላ ልጅ ናት። በመሐል ያለችው የት ሄደች? እኔ አራት ኪሎ መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ነው ያደገችብኝ። የመጀመሪያ እርምጃዋን ያየችው እናትህ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ይሄን የሚወለደውን ግን በየቀኑ ነው የማነሳው። ሲያዛጋ፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናደድ። ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ አጥሚቱንም ቅቤውንም አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። የቀረችኝ ካሜራዋ ናት።"

ይሄን ሁሉ ሲናገሩ ዓይናቸው ከፊቴ አልተነሣም።

ሥራዬ ማቆየት ስለነበር አቆየኋቸው። ሦስት ካሜራ ባንኮኒው ላይ ደረደርኩ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ብርማ፣ አንድ ጥቁር። ለሌላ ደንበኛ አፌን የማልከፍትበትን ነገር ሁሉ አስረዳሁ። ሰው ሁሉ ስንት ሜጋፒክሰል ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ቁጥሩ አያታልልዎ አልኳቸው። ግድግዳ የሚያክል ፎቶ ካላሳተሙ ሦስቱም ይበቃሉ። ትንሽ ካሜራ የሚፈተነው ቤት ውስጥ ነው፣ ፀሐይ ላይማ ሁሉም ጎበዝ ነው። ቀይዋ በጣም ቀጭን ናት፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፣ ግን ባትሪዋ የራሷ ዓይነት ነው፤ ከሞተ ሌላ ፍለጋ ከተማውን መዞር ነው። ብርማዋ ሌንሷ ረዝሞ ከሩቅ ያቀርባል።

"ሕፃን ከሩቅ ምን ያደርግልኛል?" አሉ። "ጭኔ ላይ ነው የሚተኛው።"

"እንግዲያው ይቺ ጥቁሯ ናት። ትንሽ ወፈር ትላለች፣ ለመያዝ ግን እሷ ትሻላለች። ከየሱቁ የሚገዛ ባትሪ ድንጋይ ነው የምትጎርሰው።"

"መብራት ቢጠፋም?"

"መብራት ቢጠፋም።"

"እጄ ይንቀጠቀጣል። ፎቶው ይደበዝዛል?"

"ክንድዎን ከጎንዎ ያስጠጉ። እንዲህ። ቁልፏን ግማሽ ድረስ ተጭነው ትንሽ ይጠብቋት፣ ዓይኗን ታጠራለች፣ ከዚያ ይጫኑ።"

በጥሞና ያዳምጣሉ። ደግመው ይጠይቃሉ። ፎቶው የት ነው የሚቀመጠው፣ ሚሞሪው ሲሞላ ምን አደርጋለሁ፣ በወረቀት የሚያትም ሰው አሁንም ፒያሳ አለ ወይ? አለ፣ እኔ አሳትምልዎታለሁ አልኩ። ከዚያ፣ "ይሄ ፍላሹ የሕፃን ዓይን አይጎዳም?" አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል መልስ አለው። በቀን ስንቴ የምመልሰው ነው። እኔ ግን ዞር ብዬ መሳቢያ ከፈትኩ፣ ምንም የማልፈልግበትን መሳቢያ፣ እያንኳኳሁ ቆየሁ።

"ይጠፋል" አልኩ በመጨረሻ። "በዚህች ምልክት ያጠፉታል። መስኮት አጠገብ ካስተኙት ብርሃኑ ይበቃዋል።"

በዚህ መሐል ሐጎስ ገባ። ሐጎስ የሚሰማው ወሬ ከሚሰፋው ልብስ ይበልጣል። እትዬ የሺን ሲያይ ባለበት ደረቀ፣ ከዚያ ሄዶ ትከሻቸውን ሳመ፣ ደጋግሞ ሳመ፣ እጃቸውንም አልለቅ አለ። "አይዞዎት" አላቸው።

"ምን ሆንኩና?" አሉ እትዬ የሺ።

"እንዲያው… ደረጃው ያደክማል ብዬ" አለና ወጣ። ባንኮኒው ባይኖር ተከትዬ አንገቱን በያዝኩት።

ስልኬ ጮኸ። ጋሽ እሸቴ ናቸው። "አንተ ጋ ናቸው?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። "ጎሽ። ምሳ ጋብዛቸው። ከዚያ ወደ ካሚላ እናት ቤት ምናምን በልና ውሰዳቸው፣ ብቻ እስኪመሽ ወደ ሰፈር እንዳታመጣቸው።" "እሺ" ብዬ ዘጋሁ።

እትዬ የሺ፣ "ደንበኛ ነው?" አሉ።

"ደንበኛ ነው።"

"ዋጋዋ ስንት ነው?" አሉ ጥቁሯን አንስተው። ነገርኳቸው። "እሺ" አሉ።

እሺ አሉ! እኚህ ሴት አትክልት ተራ የአንድ ሽንኩርት ዋጋ ሲከራከሩ ሻጩ ራሱ "በነፃ ይውሰዱት፣ ብቻ ይሂዱልኝ" ያላቸው ናቸው። ከእኔ ጋር ሲሆንማ ዋጋ ስጠራ "አባትህ ይሄን ቢሰማ" ብለው ይጀምሩና እኔው እስከማፍር ይወርዳሉ። አሁን "እሺ" ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ። ያኔ ነው መጀመሪያ የፈራሁት።

"ግን ሳልሞክራት አልወስዳትም" አሉ። "እስቲ አንተን ላንሳህ። ቀና በል።"

"እኔ ፎቶ አላምርም እትዬ የሺ።"

"ቀና በል አልኩህ።"

ክንዳቸውን ከጎናቸው አስጠጉ። ግማሽ ድረስ ተጫኑ፣ ጠበቁ። ልክ እንዳስተማርኳቸው። ፍላሹን አጥፍተውታል። ቀጭ አለች። ከዚያ ካሜራዋን ገልብጠው እስክሪኗን ማየት ጀመሩ። የሚያቀርበውን ቁልፍ አሳይቻቸው ነበርና ተጭነው አቀረቡት። ፊቴ እስክሪኑን ሲሞላው ከዚህ ማዶ ሆኜ ይታየኛል። ሰው ፊት ለፊት ሲያይህ ትዞራለህ፣ መሳቢያ ትከፍታለህ፣ ሌንስ ትጠርጋለህ። ፎቶ ውስጥ ስትገባ ግን መዞሪያ የለህም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው የራሴ ዕቃ ነው።

"ሙኒር" አሉ ከእስክሪኑ ሳይነሡ። "በሩን ዝጋው።"

ዘጋሁት።

"የእድራችንን ሴቶች ማን እንዳሠለጠናቸው ታውቃለህ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ነኝ። 'መጀመሪያ ስልኩን ውሰዱ' ያልኳቸው እኔ ነኝ። 'ወንበሩን በጀርባ በር አስገቡ፣ ድስቱን ጎረቤት ቤት እጠቡ' ያልኩ እኔ ነኝ። ዛሬ አንተ እንደወጣህ እናንተ ቤት ትልልቁ ድስት ሲታጠብ ሰማሁ። እሸቴ አግዳሚ ሲያስቆጥር አገኘሁት፤ አየኝና 'ለስብሰባ ነው' አለ። እኔ የማላውቀው የእድር ስብሰባ! ከዚያ ረይሀና መጣች። ምስኪን፣ ስልኬን ስትቀበለኝ እጇ በረዶ ነበር። ስንት ቤት መርዶ ይዤ ገብቻለሁ፣ ሙኒር። በእኔ ላይ ሲሠሩት አላውቀውም ብለው ነው?"

"ታዲያ ለምን…"

"ለምን ወጣሁ? እነሱ ፊት ያላወቀ መምሰል አቃተኝ። ደግሞ እንደ ነቃሁ ካወቁ ያኔውኑ ይነግሩኛል። አንተ ጋ ስመጣ ግን ካሜራ የምትገዛ አያት ነኝ። ለትንሽ ጊዜ እንደዚያ ልሁን ብዬ ነው።" ድምፃቸው ተሰበረ፣ ግን አላቆሙም። "ሕፃኑ ነው፣ አይደል?"

መሬት መሬቱን አየሁ።

"እሱ ነው። አውቄዋለሁ። ሐኪሞቹም ተገልብጧል ብለው ነበር፣ ሁላችንም የፈራነው ለእሱ ነው። ማታ ምጡ ሲጀምራት ኤደን ራሷ ደውላልኛለች። 'እማዬ አትፍሪ፣ እኔ ደህና ነኝ' አለችኝ። ድምጿ ጠንካራ ነበር፣ እንዲያውም ትስቅ ነበር። እሱን ነው እግዚአብሔር የወሰደው።" በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ይሁን። ይሁን። የወለደ ሁሉ አያሳድግም። እኔ ከኤደን በፊት ሁለት ቀብሬአለሁ። ለማንም አላወራም፣ ለእሷም ነግሬያት አላውቅም። በኋላ እሷን ሰጠኝና ካሰኝ። ስሟንም ለዚያ ነው ኤደን ያልኳት። አሁን ሄጄ እነግራታለሁ። እኔም እንደ አንቺ ነበርኩ፣ ከዚያ አንቺ መጣሽ እላታለሁ።"

ካሜራዋን አንስተው ማሰሪያዋን በእጃቸው አንጓ ላይ አጠለቁ።

"ይቺን ግን እገዛታለሁ። ለእሷ ነው። በየቀኑ አነሳታለሁ፣ እያለቀሰችም ቢሆን፣ ብትቆጣም። አንድ ቀን ፈገግ ትላለች። ያን ቀን 'እይ፣ ይሄው ወጣሽው' እላታለሁ።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አሁን ከተነሣን እንደርሳለን። ትንሽ ከቆየን ግን አንደርስም። አንዲት ቃል ብተነፍስ ጋሽ እሸቴ ዕድሜ ልካቸውን አያናግሩኝም፣ ወንድምየው ተስፋማርያም ማታ ደርሶ አንገቴን ይይዘኛል፣ እትዬ የሺ አንድ ነገር ቢሆኑ ደግሞ ደማቸው በእኔ ነው። ይሄን ሁሉ አሰብኩ። ደግሞ ነገን አሰብኩ። እኚህ ሴት ሌሊቱን ሙሉ ልጃቸውን እንዴት እንደሚያጽናኑ ሲያሰላስሉ ያድራሉ። ሲነጋ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ "አውቄዋለሁ፣ ሕፃኑ ነው" ብለው ራሳቸው ሊያረጋጓቸው ይነሣሉ። ያን ጊዜ ሊነግሯቸው ነው። ልጃቸው ተቀብራ ካደረች በኋላ። ይሄን ማሰብ አልቻልኩም። እንዲህ ከሚሆን እኔው ልርከስበት አልኩ።

እንዴት እንደሚነገር ግን አላውቅም። ማንም አላስተማረኝም። "ኤደን" ብዬ ልጀምር አልኩ፣ ስሟ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ማለት የቻልኩት ሌላውን ነው።

"እትዬ የሺ" አልኩ። "ሕፃኗ ደህና ናት።"

ፊታቸው በራ። ምን ላድርግ፣ በራ። "ደህና ናት? ሴት ናት እንዴ?" አሉና ከወንበሩ ተነሡ። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው እልል የሚባለው። ካሜራዋ ከእጃቸው አንጓ ላይ እየተንጠለጠለች ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡና አንዱን አሉ። ረጅም፣ የጠራ እልልታ፣ ፀጉር ቤቱ ድረስ የተሰማ። ለሁለተኛው ትንፋሽ ሳቡ። የሳቡት ትንፋሽ አልወጣም። አፋቸው እንደተከፈተ፣ እጃቸው እንደተነሣ፣ እኔን እያዩ ቆሙ።

"ሙኒር" አሉ ቀስ ብለው። "ኤደንስ?"

በባንኮኒው ዞሬ ሄጄ ያዝኳቸው። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም።

የጮኹትን አልጽፈውም። ሐጎስ በሩን ገፍቶ ሲገባ ሁለታችንም መሬት ላይ ነበርን። የፀጉር ቤቱ ሴቶች ውሃ ይዘው መጡ፣ አንዷ የማታውቃቸውን ሴት እግር ይዛ ታለቅስ ነበር። ስልኬ ደግሞ ይጮሃል። አንስቼ "ነግሬያቸዋለሁ ጋሽ እሸቴ" አልኩ። "ምን አልክ? አንተ…" ሲሉ አጠፋሁት።

ሲበቃቸው፣ በቅቷቸው ሳይሆን ድምፃቸው ሲያልቅ፣ ቀና ብለው "ቀብሯ መቼ ነው?" አሉኝ።

"ዛሬ። በዘጠኝ ሰዓት። አሁን ከወጣን እንደርሳለን።"

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው እንደ ሐዘንተኛ ለበሱት፤ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። የካሜራዋን ማሰሪያ አውልቀው ባንኮኒው ላይ አኖሯት። ሐጎስ ምንም ሳይባል የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ቀድሞን ወረደ። ደረጃውን ስንወርድ ማንንም አልረገሙም።

ከኋላ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። አራት ኪሎን እስክናልፍ በመስኮት ታክሲ የሚሳፈረውን ሰው እያዩ ነበር። ከከተማው ልንወጣ ስንል እጄን ያዙኝ።

"ሕፃኗ ማንን ትመስላለች?"

"አላውቅም እትዬ የሺ። አላየኋትም። የነገረኝም የለም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ለእኔም ለሐጎስም ሳይሆን ፊት ለፊታቸው ላለው መንገድ፣ "ኤደንን ከመሰለች እንዴት አድርጌ ነው የማያት?" አሉ።